በባለ ምስማር ጎማ ወደ ጋሽ በየነ ቤት

እኛ እዚህ አሜሪካ ስንኖር ለሰው ብዙ ነገር ይቅር እንላለን። ሥራ ቢቀያይር፣ ጾም ቢያፈርስ፣ ልጁ በአማርኛ ሲያናግረው በእንግሊዝኛ ቢመልስለት፣ «ምን ይደረግ፣ አገሩ ነው» ብለን እናልፈዋለን። በክረምት ብስክሌት የሚነዳ ትልቅ ሰው ግን አይታለፍም። ክረምት ስል ሐምሌና ነሐሴን እንዳታስቡ፤ ጆሮ የሚቆርጠውን የጃንዋሪን ብርድ ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሆነ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው።

እኔም የደረሰብኝን የሰማሁት ከሰው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤተክርስቲያናችን ደጃፍ ላይ አንድ የማከብራቸው አባት ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ላይሰንስህን መቼ ይመልሱልሃል?» አሉኝ። ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ነው ተብሎ ኖሯል። ላይሰንሴን ከኪሴ አውጥቼ ባሳያቸው፣ «እሱማ ጥሩ ነው» አሉና ይበልጥ አዘኑልኝ። በሽታው ሌላ ነው ብለው መሆን አለበት።

እውነቱ ቀላል ነው። አሮጌዋ መኪናዬ ሞተች። ሌላ እስክገዛ ብዬ አንድ ጎረቤቴ በተወልኝ ኮርሳ ብስክሌት ሥራ መመላለስ ጀመርኩ፤ ከዚያ «እስክገዛ» የምትለዋን ቃል ረሳኋት። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መርዳት ነው። ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ አንድ ሰዓት የሚፈጅብኝን መንገድ ወንዙን ተከትዬ፣ በዛፎቹ መሀል፣ በግማሽ ሰዓት እደርሳለሁ።

የማለዳው ሰው ጋሽ በየነ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ሲሆኑ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስኳሩ ዓይናቸውን አድክሞታል። ኢንሱሊናቸውን ራሳቸው ይወጋሉ፤ መርፌው ላይ ያለውን ቁጥር ግን ማየት አይችሉም። ቁጥሩን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው ሣራ ራቅ ብላ ጌይተርስበርግ ነው የምትኖረው። «ለአባዬ ድንገት ብፈለግ» ብላ አራቱም እግሩ የሚጎትት ትልቅ መኪና ገዝታለች።

ብስክሌቴ የከዳችኝ ዲሴምበር ላይ ነው። ወንዙን የሚሻገር ትንሽ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ያን ቀን ውርጭ ዱቄት የተነሰነሰበት አስመስሎታል። ጎማዬ ልሙጥ፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይሰፋ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የተነፋ። መውደቄን ያወቅሁት ከወደቅሁ በኋላ ነው።

ባለቤቴ ዳሌዬን እያሸች «አሁንስ ገባህ?» አለችኝ። ገብቶኛል። የገባኝ ግን ጥፋቱ የጎማው መሆኑ ነው።

ብስክሌት መሸጫው ውስጥ ያለው ጺማም ሰውዬ ጎማዬን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ «ይሄ የጁላይ ጎማ ነው» አለኝ። ለክረምት ጎማው ሰፋ፣ ነፋሱም ቀነስ ማለት አለበት፤ መሬት የሚይዘው ለስለስ ሲል ነው። ለበረዶ ደግሞ ጥቃቅን የብረት ምስማር የተተከለበት ጎማ አለ። ችግሩ ኮርሳ ጠባብ ናት፤ ሰፊ ጎማ ከፍሬሟ ጋር ይፋተጋል። ሰውዬው በማስመሪያ ለክቶ ሊገባ የሚችለውን ትልቁን አዘዘልኝ። አውራ ጣቴ እስኪላጥ ታግዬ ገጠምኩት። በጎማውና በፍሬሙ መሀል የባቄላ ገለባ ቢያልፍ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ደግሞ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ሰው ከሩቅ ሰምቶ ዞር ይላል። ይዙር።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ ስነሳ የዘነበው ዝናብ መሬት ሲነካ ረግቶ፣ ደረጃው፣ መኪናው፣ የዛፉ ቅርንጫፍ ሁሉ ብርጭቆ ለብሷል። አውቶቡስ ቆሟል። ሣራ ደወለች፤ ያ ትልቅ መኪና ገና ከደጇ ሳይርቅ ተንሸራቶ የጎረቤት አጥር ላይ ዐርፏል። ወዲያው ጋሽ በየነ ደወሉ።

«ሽመልስ፣ ዛሬ አትምጣ። እኔ በግምት እወጋዋለሁ።»

ዕድሜ ልካቸውን ለገመተ ተማሪ ዜሮ ሲሰጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እንዳይነኩት። ቁርስም አይብሉ፣ ይጠብቁኝ።»

«በምን ልትመጣ?»

«በብስክሌት።»

 «አንድ ሰዓት ያህል እጠብቅሃለሁ» ብለው ዘጉት።

ባለቤቴ አልከለከለችኝም። የሄልሜቴን ማሰሪያ ራሷ አጠበቀችልኝ። የፈራሁት ያኔ ነው።

ምስማሮቹ በረዶውን ሲነክሱ ድምፅ አላቸው፤ ስስ ብርጭቆ እንደ ማኘክ ያለ። ፍሬን ሳላጠብቅ፣ መሪ በድንገት ሳልጠመዝዝ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ወደ ወንዙ ነዳሁ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ያ መውደቅ ትዝ አለኝና በእግሬ ልሻገር ብዬ ወረድኩ። ጫማዬ መሬት እንደ ነካ ተንሸራተተ። ለካ ምስማር ያለው ጎማው እንጂ እኔ አይደለሁም። የድልድዩን መደገፊያ ይዤ ብስክሌቴ ላይ ተመልሼ ወጣሁና ትንፋሼን ውጬ ቀጥ ብዬ ተሻገርኩ።

ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። ጋሽ በየነ በሩን ከፍተው ቆመዋል፤ መርፌው በእጃቸው ነው። ተቀብዬ ቁጥሩን አየሁት። ከሚወስዱት እጥፍ ሞልተውታል።

«ስንት ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ወንበራቸውን ዳብሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ተሳስቻለሁ» አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። መጠኑን አስተካክዬ ሰጠኋቸው፤ ወጉ። የአጃ ገንፎ ሠርቼ አብረን በላን። 

መንገዱ ሲከፈት ሣራ መጣች። አቅፋኝ አለቀሰች። «ጋሽ ሽመልስ፣ በቤተሰብ ተመካክረናል» አለች። እኔ ጓንት፣ ቢበዛ ካፖርት ነው የጠበቅሁት። የመኪና ቁልፍ አወጣች።

«የድሮዋ መኪናዬ ቆማለች፤ ውሰዳት። ከእንግዲህ በብስክሌት ስትንከራተት ማየት አንችልም።»

እስቲ ፍረዱኝ። መኪና ሁሉ በቆመበት ቀን ብስክሌት ስላደረሰኝ መኪና ተሸለምኩ። ምስጋናውን ተቀብዬ ቁልፉን በሁለት እጄ መለስኩላት። ሣራ ቅር አላት። ጋሽ በየነ ግን እኔ አጠገባቸው የሌለሁ ያህል፣ «ተይው፣ እየተግደረደረ ነው፤ ይወስዳታል» አሏት።

እየተግደረደርኩ ይኸው ሦስት ክረምት አለፈ።