ማሸጊያውን ሦስት ጊዜ መጠየቅ ያስተማሩት የወይዘሮ ማንአለብሽ ዜና

በእስራኤል አምላክ ስም እንጀምራለን። ብዙ ሰው እንዲይዝ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ኤፍራይም የጠዋት ፈረቃ አለቃ፣ በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በብስኩት ፋብሪካው ማሸጊያ አዳራሽ፣ የደምቢያ ልጅ፣ የአቶ ወርቅአገኘሁ ባለቤት፣ የአምስት ልጆች እናት፣ የአረንጓዴው ቁልፍ ጠባቂ ወይዘሮ ማንአለብሽ ያደረጉትን ንጽሕፍ እንከ፤ እንጻፈው እንግዲህ፤ ሌላ የሚጽፍላቸው የለምና።

በዚያ ወራት መሐንዲሱ ኤቭያታር ማሸጊያውን የሚያዝ ኮምፒውተር አመጣ፤ ኮምፒውተሩም ትእዛዝ የሚቀበለው በጽሑፍ ሳይሆን በሥዕል ነበር፤ ሣጥን ይሣላል፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን ቀስት ይሰመራል፣ ማሽኑም ቀስቱን ተከትሎ ይሠራል። ኤቭያታርም በአዳራሹ መካከል ቆሞ አዋጅ አስነገረ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ፕሮግራም መጻፍ ቀርቷል። ይህ ሥዕል ነው። ማንም አይቶ ይረዳዋል፣ ማንም ይሥለዋል።» ሕዝቡም ሰምቶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሣጥኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ፣ ቀስቶቹም እንደ ተወሳሰበ ፈትል ስለ ነበሩ የተረዳ አልተገኘም፤ ኤቭያታር ራሱም የትናንቱን ሥዕሉን ዛሬ ሲያይ ጭንቅላቱን ይይዝ ነበር።

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ ማሽኑ መቆም አበዛ። ካርቶን ባለፈ ቁጥር አለ ወይስ የለም ተብላ የምትጠየቅ አንዲት የብርሃን ዓይን ነበረችው፤ እርሷም ከካርቶኑ በሚነሣው ብናኝ ለአፍታ እየተጋረደች ያለውን የለም ትል ነበር፤ የለም ስትል ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ ወይዘሮዋም አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭነው ያስነሡታል። ይህም በአንድ ፈረቃ ስልሳ ሰባት ጊዜ ሆነ። አለቃ ኤፍራይምም ተቆጥቶ በግድግዳው ላይ አዋጅ ለጠፈ፤ «ማሽኑ አዲስ ነው፤ አዲስ ማሽን አይሳሳትም። እስከ ሐሙስ መቆሙን ካልተወ፣ ቁልፉን የያዘችው ትሰናበታለች።» አቶ ወርቅአገኘሁ ወገባቸውን ታመው ቤት ከዋሉ ዓመት ሆኗቸው ነበርና፣ ሰባት ነፍስ የሚያድረው በዚያች ቁልፍ ነበር። ወይዘሮዋ አዋጁን አስነብበው ሰሙ፤ ፈሩም።

በረቡዕ ዕለት፣ በቁርስ ዕረፍት፣ ወደ ኮምፒውተሩ ዘመቱ። በቀኛቸው ዕብራይስጥ የምታነብላቸው ይርጋለም፣ በግራቸው የካርቶን ጋሪ ገፊው ሰጠው፣ በኋላቸውም ሳንድዊቻቸውን እንደ ያዙ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞች ሁሉ ተሰለፉ። ኤቭያታርም ሊከለክል ፈልጎ ማንም ይሥለዋል ያለውን የራሱን አዋጅ አስታወሰና፣ «ትሣል» ብሎ ፈቀደ።

ጦርነቱም ጸና። ማውሱ ሁለት ጊዜ ከጠረጴዛው ወደቀ፤ ሰጠው አነሣው። ወይዘሮዋ አንድ ሣጥን ወደ ጎን ሊገፉ ሲሉ የተያያዙት ቀስቶች ሁሉ አብረው ተጎተቱ፤ ሌላውን ሲነኩ ሥዕሉ በሙሉ ከፊታቸው ጠፋ፤ ይርጋለም የመመለሻውን ምልክት እስክታገኝ ድረስ በአዳራሹ የሚያኝክ አልነበረም። አንዲት ቀስት ለመደምሰስም ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ እርግጠኛ ነኝ ቢሉት ደግሞ ጠየቃቸው። ለአንዲት ቀስት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ኮምፒውተር ዓይኗን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ማሽኑን እንደሚያስቆም ከሥዕሉ አዩ፤ ከጥያቄዋ ሣጥን የለም የሚለው ቀስት በቀጥታ ወደ ማቆሚያው ይሄድ ነበርና። አፈሩለት። የብናኙን ነገር ማንም ስላልነገራቸው፣ ዓይኗ የለም የምትለው ይሉኝታ ይዟት መሰላቸው።

ስለዚህ ያን ቀስት ደምስሰው፣ ሁለተኛ የጥያቄ ሣጥን፣ ከዚያም ሦስተኛ ሣሉ፤ የለም የሚለውንም ቀስት ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው አሰመሩ፤ ወደ ማቆሚያው የሚወስደውንም ከሦስተኛው በኋላ አሰመሩ። ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረው አዋጅ ነገሩ፤ «በአገራችን እንግዳ ብላ ሲሉት መጀመሪያ አይ፣ በልቻለሁ ይላል። ይህን ሰምቶ ገበታ የሚያነሣ ባለጌ ነው። ሦስት ጊዜ ይጠየቅ። ሦስቴ እምቢ ካለ ግን እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜ ይቁም።» ይርጋለምም ይህን በዕብራይስጥ ተረጎመች፤ ኤቭያታርም ቀስቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከትሎ ሥዕሉን ወደ ማሽኑ አስገባ።

ሐሙስ ማሽኑ ከጠዋት እስከ ፈረቃው ፍጻሜ ሁለት ጊዜ ብቻ ቆመ፤ ሁለቱም ጊዜ ካርቶን በእውነት አልነበረም። ወይዘሮዋ ግን ደስታቸው ወዲያው ከዳቸው፤ ማሽን ካልቆመ ቁልፍ ተጫኝ ለምን ያስፈልጋል? እጃቸውን አጣጥፈው ኤፍራይም ሲመጣ ባዩ ጊዜ፣ እንጀራዬን በገዛ እጄ ቆረጥሁት አሉ በልባቸው።

ኤፍራይምም በሕዝቡ ፊት የመጨረሻውን አዋጅ ነገረ፤ «ኤቭያታር ለቀሩት አራት ማሽኖችም ትእዛዙን የምትሥልለት ሰው ጠይቋል። ቁልፉን ሌላ ይያዝ። ወይዘሮ ማንአለብሽ ይቀመጡ።» ሰጠው ባለ መንኰራኵሩን ወንበር ከቢሮ እየገፋ አመጣ፤ ነጩን የሥራ ቆብ የደፉት ወይዘሮም በአምስቱ ማሽኖች መካከል በክብር ተቀመጡ፣ በተቀመጡበትም አለቀሱ፤ ልጆቻቸው ነገም ይበላሉና። ግራጫ ሣጥኖችን ያስገበሩ፣ ከማውስ ጋር ተዋግተው ያልተማረኩ፣ መሐንዲስ ያላየውን በይሉኝታ ያዩ እመቤት፣ ስማቸው ከጋት እስከ ደምቢያ ይጠራ፤ ወንበራቸውም ይጽና።