የዳኛ አስናቀው ሰባት ድክመቶች

(ትናንት መካነ ሰላም ከላላን አንድ ለዜሮ አሸንፏል፤ ጎሏ ግን የምታከራክር ጎል ናት። ጨዋታውን ሊዳኝ የነበረው የከላላ ዳኛ በቅሎው መንገድ ላይ አንክሳበት ቀረ፤ ስለዚህ ፊሽካው በአስናቀው አንገት ላይ ዋለ። አስናቀው መምህር ነው። ደሴ ወርዶ የአምስት ቀን የዳኝነት ኮርስ ወስዷል፤ ከዚያ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። እሁድ አቀስታ ላይ ሌሎች ሁለት ወረዳዎች ለዋንጫ ይጋጠማሉ፤ የመሐል ዳኛ የሚልከው ዘንድሮ መካነ ሰላም ነው። አስናቀው ይህችን እሁድ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። ዛሬ ረፋድ ላይ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ና ተብሏል። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነውና ና የተባለ ሰው ሌላ ነገር አይጠረጥርም። ከመስመር ዳኛው ከሀቢቡላህ ጋር በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሟገታሉ። ሀቢቡላህ የቁርኣን መምህር ልጅ ነው፤ ነገር ዘግይቶ ነው የሚገባው ይሉታል።)

አስናቀው፦ ከማርፈድ ነው የሚጀመረው አልኩህ። ግለሂስ ሁልጊዜ ከማርፈድ ነው የሚጀመረው።

ሀቢቡላህ፦ ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አርፍደው አያውቁም። ትናንት እንዲያውም ከኳሷ ቀድመው ነው ሜዳ የደረሱት።

አስናቀው፦ እኔ የምፈልገው ድክመት ነው። እውነት ማን ጠየቀህ?

ሀቢቡላህ፦ እሺ፤ የሌለዎትን ድክመት ከየት እናመጣለን?

አስናቀው፦ ስማ፣ ልምድ ላካፍልህ። ውሻ ሲያባርርህ ምን ታደርጋለህ?

ሀቢቡላህ፦ ድንጋይ አነሳለሁ።

አስናቀው፦ ዳቦ ነው የምትጥልለት፣ ዳቦ። እሱ ዳቦውን ሲበላ አንተ ታመልጣለህ። ግምገማም እንደዚያው ነው። ትንንሾቹን ድክመቶች ራስህ ቀድመህ ትጥላለህ፤ መድረኩ እነሱን ሲያኝክ ትልቋ ጉዳይ ትረሳለች።

ሀቢቡላህ፦ (ቆይቶ፣ አስቦ) ዳቦ የለመደ ውሻ ግን ጋሼ፣ ቤት ድረስ ይከተላል።

አስናቀው፦ ምሳሌ ያወራሁልህ እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ተነስ። አሁን አንተ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ የሻለም ነህ። ጠይቀኝ።

ሀቢቡላህ፦ (ተነስቶ ጋቢውን ያስተካክላል) ጋሼ አስናቀው፣ እንዴት አደሩ? ልጆች ደህና ናቸው?

አስናቀው፦ ግምገማ ላይ ማን ነው ልጅ የሚጠይቅ?

ሀቢቡላህ፦ ወይዘሮ የሻለም ሰላም ሳይሉ አያልፉም።

አስናቀው፦ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሌላ ሰው ናቸው። ቀጥል።

ሀቢቡላህ፦ እሺ። የትናንቷ ጎል ገብታለች ወይስ አልገባችም?

(አስናቀው የጫማውን ማሰሪያ ይነካካል። ዕድሜ ልኩን ተማሪ ሲያስጨንቅ የኖረ ሰው፣ ለካ ጥያቄ እንዲህ ያማል።)

አስናቀው፦ በአንዴ እዚያ ውስጥ ትገባለህ? ይሁን፣ መልሱ ይኸውልህ። "ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጎል ብሎ ጮኋል፤ እኔ ከሕዝብ በላይ አይደለሁም።"

ሀቢቡላህ፦ ሕዝቡ የጮኸው ለኢሱዙው ነው እኮ።

አስናቀው፦ ለምኑ?

ሀቢቡላህ፦ የሰፈራችን ልጅ ኑርጃን ከጂዳ ገብታ የለ? ኢሱዙው የቴሌቪዥን ዲሿን ጭኖ በሜዳው ዳር ሲያልፍ ነው ሰው ሁሉ የጮኸው። ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ሰፊ ዲሽ እዚህ አገር ገብቶ አያውቅም።

አስናቀው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ቀና ስል ኳሷ ከግቡ ኋላ ናት። መረብ የለው፣ በመሐል ትለፍ በጎን ትለፍ በምን አውቃለሁ? ነፋሁት። አንተስ ባንዲራህን ይዘህ ምን ትሠራ ነበር?

ሀቢቡላህ፦ ዲሿን አያለሁ።

አስናቀው፦ የከላላው በረኛ፣ ያ ቢተው የሚሉትስ?

ሀቢቡላህ፦ እሱም ዲሿን ያያል።

አስናቀው፦ ኳሷን የመታት ልጅስ?

ሀቢቡላህ፦ መታና እሱም ዞረ።

አስናቀው፦ ታዲያ ኳሷን ማን እያያት ነበር?

ሀቢቡላህ፦ ማንም ጋሼ። ኳሷ ብቻዋን ነበረች።

አስናቀው፦ ቆይ፣ የቢተውን በምን አወቅህ?

ሀቢቡላህ፦ ራሱ ነገረኝ። የከላላ ልጆች እኛ ቤት ነው ያደሩት፤ አባባ ናቸው ከሜዳው ይዘዋቸው የመጡት። እራት ላይ "አፉ በሉን፣ ጋሼ ጫማ ሲያስሩ፣ እኔ ዲሽ ሳይ፣ ሁለታችንም አላየንም" አልኳቸው። ቢተው "እኔ በረኛው ካላየሁ እናንተ ምን ዕዳ አለባችሁ" ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ጠዋት ዱዓ ተደርጎላቸው መንገድ ገቡ።

አስናቀው፦ ሳቁ? ምን ዓይነቱ የዋህ ነህ አንተ? ፊትህ የሚስቅልህ ሰው ጓሮ ዞሮ ክስ እየጻፈብህ ነው። አላየንም ብለህ በገዛ አፍህ ነገርካቸው? ኮርስ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዳኛ አላየሁም አይልም።

ሀቢቡላህ፦ ካላየስ?

አስናቀው፦ ካላየም አይቷል።

(ሀቢቡላህ ይህን ለመረዳት ጥቂት ይታገላል፤ ከዚያ ይተወዋል።)

ሀቢቡላህ፦ እና ለወይዘሮ የሻለም እንዲሁ "አላየሁም፣ ይቅርታ" ቢሏቸው...

አስናቀው፦ ዘጠኝ ዓመት ሀቢብ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጭቃ በበረዶ ስነፋ፣ እናቴ ሳትቀር ስትሰደብ፣ የቻልኩት ለእሁድ ብዬ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ መረብ ባለው ግብ መሐል... (ይኮሳተራል) አላየሁም ላለ ሰው ፊሽካ አይሰጥም። በል ቁጠርልኝ። አንድ ማርፈድ፣ ሁለት ስሜታዊነት።

ሀቢቡላህ፦ ሦስት ሩጫ። ኳሷ አቀስታ ስትደርስ እርስዎ ገና ከላላ ነዎት።

አስናቀው፦ ትንሽ አበዛኸው። ቢሆንም ዳቦ ነው፣ ይግባ።

ሀቢቡላህ፦ አራት፣ ያን ጊዜ የእኛ ልጆች እስኪያገቡ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የጨመሩት።

አስናቀው፦ ሰዓቴ ቆሞብኝ ነው።

ሀቢቡላህ፦ አምስት፣ የቆመ ሰዓት ማሰር። ስድስት፣ አስተዳዳሪው ሲመጡ ጨዋታውን አቁመው ሊጨብጧቸው የሄዱት።

አስናቀው፦ ያ አክብሮት ነው።

ሀቢቡላህ፦ ኳሷን ታቅፈው ነው እኮ የሄዱት።

አስናቀው፦ እሺ እሺ። ሰባተኛስ?

ሀቢቡላህ፦ የሰው ምክር አለመስማት።

አስናቀው፦ ማን ነው እንዲህ ያለው?

ሀቢቡላህ፦ እትዬ ስመኝ፣ ባለቤትዎ።

(ከውስጥ የአስናቀው ስም ይጠራል። ሰባቱን በጣቱ እየቆጠረ ይገባል። ሀቢቡላህ ፀሐይ ይሞቃል። ለአንድ ሰላምታ የሚበቃ ጊዜ ያልፋል፤ ለአንድ ስብከት የሚበቃም ያልፋል። በመጨረሻ አስናቀው ይወጣና ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል።)

ሀቢቡላህ፦ አብሽሩ ጋሼ። ዳቦውን በሉልዎት?

አስናቀው፦ በሉት። ሰባቱንም።

ሀቢቡላህ፦ አልሃምዱሊላህ።

አስናቀው፦ ስገባ ሁሉም ብድግ አሉልኝ። ወይዘሮ የሻለም በቀኝ እጃቸው ጨበጡኝ፤ በግራቸው ደብዳቤ ይዘዋል። ይቀመጡ አሉኝ። እኔ ግን "ከመቀመጤ በፊት ግለሂስ አለኝ" አልኳቸው።

ሀቢቡላህ፦ ደብዳቤው የክስ ነው?

አስናቀው፦ የአቀስታ ነው። የመሐል ዳኝነት። ማኅተሙ ገና አልደረቀም ነበር።

ሀቢቡላህ፦ የከላላስ ክስ?

አስናቀው፦ ክስ የሚባል የለም። ጠዋት በዚህ ሲያልፉ "ቅሬታ የለንም፣ ዳኞቹም ሰው ናቸው" ብለው ፈርመው ነው የሄዱት። እኔን የጠሩኝ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ ነው።

ሀቢቡላህ፦ ታዲያ ይህን ሲሰሙ ዝም አይሉም?

አስናቀው፦ የሰማሁት ሰባተኛውን ስጨርስ ነዋ። ሴትዮዋ በየመሐሉ "ይበቃል መምህር" ይሉኛል፤ እኔ "አይበቃም፣ መድረኩ ይታገሰኝ" እላለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ቃለ ጉባኤ ያዡ ወረቀት ቀየረ። ከዚያማ "ይህን ሁሉ ከራሱ አፍ ሰምተን እንዴት አድርገን እንላከው" ተባባሉ። ስሜን በእስክሪብቶ ሰረዙት፣ ዓይኔ እያየ። (ይተነፍሳል) እውነቱን ልንገርህ፣ ልቅሶ ልቅሶ ብሎኛል። ግባ፣ አሁን የሚፈልጉት አንተን ነው።

ሀቢቡላህ፦ እኔን ለምን?

አስናቀው፦ እኔ ምን አውቄ። (ልማድ አይለቅምና) ለመሆኑ ድክመት አዘጋጅተሃል?

(ሀቢቡላህ ይገባል። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። አስናቀው አፍንጫውን ተናፍጦ ሳይጨርስ ሀቢቡላህ ወረቀት ይዞ ይወጣል።)

አስናቀው፦ ምን አሉህ?

ሀቢቡላህ፦ ድክመት አለብህ ወይ አሉኝ። ጋሼ አስናቀው ሁሉንም ስለወሰዱት ለእኔ የተረፈኝ የለም አልኩ።

አስናቀው፦ ሌላስ?

ሀቢቡላህ፦ የትናንቷን ጎል አይተሃል ወይ አሉኝ። አላየሁም አልኩ። ወይዘሮ የሻለም "እኛም አላየን" ብለው ይህን ሰጡኝ።

አስናቀው፦ (ወረቀቱን ያነባል፤ ደግሞ ያነባል) የመሐል ዳኛ፣ ሀቢቡላህ...

ሀቢቡላህ፦ አንዱን የመስመር ዳኛ ራስህ ምረጥ አሉኝ። እርስዎን መረጥኩ።

አስናቀው፦ እኔን? ያን ሁሉ ጉድ ከሰሙ በኋላ እንዴት እሺ አሉህ?

ሀቢቡላህ፦ የጋሼ አስናቀው ድክመት ሰባት መሆኑ ተቆጥሮ ተጽፏል፤ የሌላው ሰው ስንት እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም አልኳቸው።