ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ መድኃኒት

እኛ ባሌ ሮቤ ውስጥ መድኃኒት እንዋዋሳለን። ምን ያስደንቃል? ጨው እንዋዋስ የለ? ጎባ ሆስፒታል ሄዶ ኪኒን የታዘዘለት ሰው ሻል ሲለው የተረፈውን ለጎረቤት ይሰጣል። በዚህ ጨርቅ ነጋዴዋን ጎረቤታችንን አዴ ዘይቱናን የሚያህል የለም። አንዴ ሳል ቢይዘኝ የጉልበታቸውን ኪኒን ሰጡኝ። ሳሉ አልለቀቀኝም፤ ጉልበቴ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ደህና ነው።

ታዲያ አንድ ክረምት አዴ ዘይቱና ጡታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸው። ለባለቤቴ ነገሯት፤ እሷም ለእኔ። ሐኪም ይይዎት ብንል፣ ሞትን በእግሬ ሄጄ አልጠራም አሉ። ሰጋን።

ግቢያችን የተከራየ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አለ፤ ናኖ የሚባል ነገር ያጠናል። ሐኪም መፍራቱን ይተዉ ብለን እሱን አምጥተን አዴ ዘይቱና ፊት አስወራነው። በዓይን የማትታይ ቅንጣት ደም ውስጥ ትገባለች አለ፤ በሽታውን ፈልጋ ታገኛለች፣ ለሐኪሙ ታሳየዋለች፣ እዚያው መድኃኒቷን ታራግፋለች። ግን አብዛኛው ገና ምርምር ላይ ነው አለ።

እሱ ሲያወራ ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞላው። እኔም አብሬ በሐሳብ ጠፋሁ። ደሜ ውስጥ ትንንሽ ፋኖሶች በየደጁ እያንኳኩ «የታመመ አለ?» ይላሉ። አንዱማ ከመጠየቁ በፊት «አካም፣ ነጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለ። የባሌ ፋኖስ ነዋ! እንዲህ ያለ ሰላም ተሰምቶኝ አያውቅም።

አዴ ዘይቱና «ማሻአላህ» እያሉ ቆይተው፣ የተረፈው ለማን ይሰጣል ብለው ጠየቁ። አስተማሪው ልጅ የሰፈሩን ወግ አያውቅም። በእያንዳንዱ ሰው ተፈጥሮ ልክ ስለሚሰናዳ ለሌላ አይሆንም አላቸው።

«ለእኔ ብቻ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል! ወላሂ አልፈልገውም!»

ማንም ያልሰጣቸውን መድኃኒት እምቢ ብለው ወጡ።

ባለቤቴ ግን ከእኔም ከአስተማሪውም ትበልጣለች። በማግስቱ ሄዳ፣ እኔንም ጡቴን ያመኛል፣ ጎባ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ አለቻቸው። ዓይን ያወጣ ውሸት! ግን በሽተኛ ብቻውን ይሄዳል እንዴ? አዴ ዘይቱና ሱቃቸውን ዘግተው ቀድመዋት ሚኒባስ ገቡ። እዚያ ሲደርሱ፣ ከመጡ አይቀር እርስዎም ይታዩ አለቻቸው። አብረው ታዩ።

የአዴ ዘይቱና እብጠት ስብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የባለቤቴን ጡት ሐኪሟ ስትዳስስ፣ እኛ የማናውቃት ጠጠር የምታህል ነገር አገኘች። ካንሰር ነበር። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ደግነቱ በጊዜ ተደርሶበታል። አዲስ አበባ ታከመች፤ ዛሬ ደህና ናት።

እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያልኩ ስንቱን ዋሾ ተማሪ ቀጥቻለሁ። አሁንም አስተምራለሁ። ሚስቴ ስትዋሽ ግን ጫማዬን አደርግና አብሬያት እወጣለሁ።