በግምት የሚያይ መነጽር

የእኛን ሰው ግምት ታውቁት የለ? ገና ሳሪስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን «ደርሻለሁ፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ» እንላለን። የሚጠብቀንም ሰው ገና ካልሲውን እየፈለገ ስለሆነ አይቀየመንም።

ታናሽ እህቴ ሰላም ይህንኑ አመል ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተማረችው ብላችሁ ታምናላችሁ? ኢንጂነር ናት። የእማዬን ዓይን ግላኮማ ሲወስደው ካሜራ ያለው መነጽር ሠራችላት። ፊት ለፊቷ ያለውን እያየ «ደረጃ ነው»፣ «በር ነው»፣ «እገሌ መጣ» እያለ ጮክ ብሎ ይነግራታል። ጉድ እኮ ነው! ችግሩ ባትሪው ነው። ሁሉን አጥርቼ ልይ ሲል ኃይሉን ይጨርስና እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ ድርግም ይላል። አንድ እሁድ መንገድ ላይ አጥር ተደግፋ አገኘኋት። «እሱም እንደኔ ታወረ» አለችኝ።

ሰላም ምን አደረገች መሰላችሁ? መነጽሩ የሚሠራበትን ስሌት እንደ ዶሮ አረባችው። ኮምፒውተሯ ላይ ብዙ ዓይነት ስሌት ትፈለፍላለች፤ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ትንሽ ትንሽ ይሳሳታል። ባትሪ የሚበላውንና ስህተቱ የበዛውን ትጥላለች። በጥቂት ኃይል «ይሁን፣ ግድ የለም» የሚያሰኝ መልስ የሰጡትን ታዳቅላለች፤ ከልጆቻቸው ደግሞ ትመርጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ የሚውል፣ በግምት የሚያይ መነጽር ተወለደ። «በትክክል ማየት ቅንጦት ነው፤ እማዬ ቦይ ውስጥ ካልገባች ይበቃል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገብታ አታውቅም።

ግን ግምት አይደል? እኔንና ታላቅ ወንድማችንን ግርማን መለየት አቃተው። እኔ ስገባ «ግርማ መጣ» ይላል። ግርማ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚከርመው። እኔም ከበሩ ላይ «ኧረ እኔ ነኝ፣ ይሄ ውሸታም!» ብዬ እጮኻለሁ። እማዬ እስክታነባ ትስቃለች።

ነው አልኩ እንዴ? ነበር። ባለፈው ክረምት በረሃው ላይ መኪናው ተገለበጠና ወንድሜ እዚያው ቀረ።

ወጉን ታውቃላችሁ፤ መርዶ እንዲሁ በዘፈቀደ አይነገርም። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደበላ «እናታችሁ ደም ግፊት አለባቸው። ነገ በጠዋት ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ እንነግራቸዋለን» አሉ። እስከዚያ ከመንገደኛ እንዳይሰሙ አንተ ግባና እንደ ወትሮህ ሁን አሉኝ። እንደ ወትሮዬ! ፊቴን ቧንቧ ስር ታጥቤ ገባሁ።

«ግርማ መጣ» አለ መነጽሩ።

እማዬ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። ጩኸቴን ነው የምትጠብቀው። «ኧረ እኔ ነኝ» ማለት ያቅታል? አቃተኝ። እኔ ነኝ ካልኩ እኮ ግርማ አልመጣም ማለቴ ነው። አፌ እምቢ አለኝ። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ምሳ በላህ?» ብቻ አለችኝ። በልቻለሁ አልኳት፤ ሳልበላ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ደበላ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ሲገቡ እማዬ ጥቁሯን ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ደበላ ጉሮሯቸውን ጠረግ ሲያደርጉ «አይድከሙ ጋሼ፣ ልጄ ትናንት ነግሮኛል» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ በቁጣ ወደ እኔ ዞሩ። ወግ አፍርሼ! አንዲት ቃል አልተነፈስኩም ብዬ ብምል ማን ያምነኛል? ደግነቱ ለመማል ጊዜ አልነበረም፤ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ፣ እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከአርባው በኋላ ሰላም መነጽሩን ልትወስድ መጣች። በገባሁ ቁጥር የሟች ስም እየጠራ የእማዬን ቁስል እንዳይነካ፣ ግርማን ጨርሳ ልታጠፋው ነው። እማዬ መነጽሩን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ተይው ልጄ» አለቻት። «ከዚህ ቤት መርዶ ያልሰማ እሱ ብቻ ነው።»