ጋሽ ታደሰ ስልክ ሲያስመርጡ

ሳይጠሩት መጥቶ ዕቃ የሚያስመርጥ ሰው በሰፈራችሁ የለም? እንግዲያው ደብረ ብርሃን ኑና ጋሽ ታደሰን ውሰዱ፤ ብርድ ልብስ ከምሸጥበት ሱቄ አይጠፉም።

ከሱቄ ሥጋ ቤቱን አልፎ ያሉት ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች እግራቸው ተሰብሮ ተኝተዋል። ወታደር ልጃቸው ከአስመራ ሁለቴ እኔ ሱቅ ደውሎ፣ ደግፈን እስክናመጣቸው መስመሩ ተቋረጠ።

ባለፈው ወር አንድ ሾፌር ከአሰብ ሁለት ገመድ አልባ ስልኮች አምጥቶ «ምረጥ» አለኝ፤ መቀመጫቸው ከሱቁ መስመር ጋር ይሰካል፣ እጀታው ተይዞ ይኬዳል። እኔ መልኳን አይቼ ትንሿን ቀይ ወደድኩ። ጋሽ ታደሰ ግን ሁለቱንም በየተራ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው መንገድ ለመንገድ ይሄዱ ጀመር። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አስቆማቸው።

«ጓድ ታደሰ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከማንም! ስልክ እያስመረጥኩ ነው።»

ሲመለሱ ጥቁሩን፣ አንቴናው የበሬ ቀንድ የሚያህለውን፣ እጄ ላይ አኖሩት። «ቀዩ ሥጋ ቤቱ ጋ ዝም ይላል። ይሄ ዘነበች አልጋ ድረስ ይሰማል።»

«አስቀያሚ ነው እኮ፣ ጋሼ!»

«ልታገባው ነው እንዴ?»

ለመገላገል ገዛሁት።

ሐሙስ ዕለት ልጁ ደወለ። ጋሽ ታደሰ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ሮጡ፤ እኔም ሱቁን ክፍት ትቼ ተከተልኳቸው።

እትዬ ዘነበች ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ልጄ፣ አለህ? ድምፅህ ወፈረ እኮ! ምን በላህ?»

ጋሽ ታደሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ቀዩ ቢሆን ገና ሥጋ ቤቱ ጋ ነበርን» አሉኝ።

ኑና ውሰዱ ያልኳችሁን ትቻለሁ፤ እሳቸውን አልሰጥም። ቀዩን ስልክ የሚፈልግ ካለ ግን፣ ሾፌሩ እጅ አለ።