ክቡር የፍላሽ ዘበኛ

ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ፍላሽ ሲያይ እባብ ያየ የሚመስል አንድ ሰው አይጠፋም። የኛው የሚገኙት ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ክቡር የፍላሽ ዘበኛ» ይላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ቅር አይላቸውም። እንዲያውም ሲጠሩ እንደ ተሾመ ሰው ቀና ይላሉ።

ክቡርነታቸው የእያንዳንዱን ኮምፒውተር የፍላሽ መሰኪያ በወረቀት አሽገው ፈርመውበታል። ፍላሽ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ ወደ እሳቸው ይወርዳል። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁታል፦ «ከየት መጣ? የት የት ገብቶ ነበር?» አንዴ ሥራ አስኪያጁን ራሳቸውን እንዲህ ብለው ጠይቀዋቸው፣ ሰውየው እንደ ተማሪ ተንተባተቡ። የጸሐፊዋን የፀጉር ጌጥ ፍላሽ ነው ብለው ደረጃ ላይ አስቁመዋታል የሚሉም አሉ። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ክፍላቸው ሌላ ዓለም ነው። ከጣሪያው ሥር ባለችው ትንሽ መስኮት የመንገደኛ እግር ብቻ ያልፋል። የአሮጌው ኮምፒውተር ማራገቢያ ያንጎራጉራል፤ አየሩ ሞቅ ይላል፤ ሰው እዚያ ትንሽ ከቆመ ለምን እንደወረደ ይረሳል። ያ ኮምፒውተር ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ ፍላሽ የሚመረመረው እሱ ላይ ነው። ሳይመረመር የተሰካ ፍላሽ ግን ይወረስና አርብ ከሰዓት በኋላ ውስጡ ያለው ሁሉ ሙልጭ ተደርጎ ይጠፋል። ምልጃ የለም።

የኔም ተወረሰ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ጠዋት ጠዋት ህልሟን መናገር ትወድ ነበር። በስልኬ እየቀዳሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጥላት ነበር። ስልኬ ሲሰበር የቀረኝ እሱ ብቻ ሆነ። ከዚያ አክስቴ ታመመች፤ አንደበቷ ተዘጋ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ሆነ ሥራዋ። አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ድምጿ በጣም ናፈቀኝና የቢሮ ኮምፒውተሬን እሽግ ልጬ ፍላሹን ሰካሁት። ከድምጿ በፊት ቀይ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ከማስጠንቀቂያው ቀጥሎ ክቡርነታቸው መጡ።

«እህቴ፣ ከየት መጣ?»

«ከቤት።»

«የት የት ገብቶ ነበር?»

«ፎቶ ቤት... አንዴ ብቻ።»

«አዬ ፎቶ ቤት!» ብለው ነቀሉት።

«የአክስቴ ድምፅ ነው! ሌላ ቅጂ የለኝም!»

«ሕግ ነው» አሉኝ፤ ዞር ብለውም አላዩኝ።

ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። ሦስቱንም ቀን ስረግማቸው ነበር፤ አልዋሽም። አርብ ከምሳ በኋላ ልለምናቸው ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ አክስቴ ታወራለች።

«...ወንዙ መሀል ነጭ በር ቆሞ አየሁ። ቤት የለው፣ ግድግዳ የለው። አንኳኳሁ። ‹ማነው?› ሲለኝ...»

ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው ያዳምጣሉ። በመስኮቷ የሰው እግር ቀስ ብሎ ያልፋል። የቆምኩት ምድር ቤት ይሁን የአክስቴ ወንዝ ዳር፣ ለአፍታ ጠፋኝ።

«ቫይረሱ ሁሉንም ደብቆት ነበር» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አንድ በአንድ አወጣሁት። መዝገቡ ላይም ‹ለምርመራ የቀረበ› ብዬ ጽፌዋለሁ። በዚህ ቤት የዋሸሁት ይቺን ብቻ ነው።»

አፈርኩ። እኔ ስረግም እሳቸው ሲፈልጉልኝ ነበር የከረሙት።

«ለመሆኑ ከፈተላት? እዚህ ላይ ይቋረጣል።»

«አላውቅም።»

«እንዴት አይታወቅም!» ብለው ተቆጡኝ።

ቤት ስገባ አክስቴን «አንድ ሰው የህልምሽን መጨረሻ ካላወቅኩ ብሏል፤ የነጩን በር» አልኳት። ከግድግዳው ቀስ ብላ ዞረች። ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ በጣቷ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ።

ሰኞ ጠዋት የታጠፈ ወረቀት ይዤ ወረድኩ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከየት መጣ?»

«ከአክስቴ።»

«የት የት ገብቶ ነበር?»

«የትም።»

ከፈቱት። በተንጋደደ ጽሕፈት «እኔ ነኝ አልኩት። ሌላ ሳይጠይቀኝ ከፈተልኝ» ይላል።

«ይሄ በረኛ ሥራውን አያውቅም!» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ደጋግመው ጠረጉ። እኔም በዚያች ሰዓት ወደድኳቸው። ከዚያ ወረቀቱን መልሰው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይወረሳል» አሉኝ።