የዋና መጽሐፍ ጠቋሚው ወንጀል

የንባብ ባህል ሞቷል እያላችሁ የምታላዝኑ ሁሉ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ካለ አንድ ካፌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በየቅዳሜው የሚሰበሰበውን የአንባቢያን ኅብረት ሄዳችሁ እዩና እፈሩ። ሃያ ሦስት አባላት አሉት። እያንዳንዱ በተራው ይነሣል፣ የያዘውን መጽሐፍ ሽፋን ወደ ተሰብሳቢው ያዞራል፣ «በአሁኑ ሰዓት እያነበብኩት ያለሁት ይህን ነው፤ እናንተም አንብቡት» ይላል። ይጨበጨባል፤ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ ማኪያቶ ይታዘዛል። ውስጡ ምን እንዳለ መናገርም ሆነ መጠየቅ ግን በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ አራት ክልክል ነው፤ ታሪኩን አስቀድሞ መስማት የአንባቢን ጣዕም ያበላሻልና። በዚህ ጥበበኛ አንቀጽ ጥላ ሥር ኅብረቱ በሁለት ዓመት ከሁለት ሺህ በላይ መጻሕፍት ሲጠቁም የአንድም ሰው ጣዕም አልተበላሸም።

ተወልደብርሃን በሕይወቱ የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ የኅብረቱ ዋና መጽሐፍ ጠቋሚ ሆኖ መመረጥ። ዋና ጠቋሚ መስኮቱ አጠገብ ባለው ባለመደገፊያ ወንበር ይቀመጣል፣ መጨረሻ ላይ ይናገራል፣ ማንም አያቋርጠውም። ቤቱ ሚስቱም ልጆቹም ለሚያቋርጡት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለምርጫው ብሎ «የነጎድጓድ ደለል» የተባለ ባለ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ልብ ወለድ ጠቆመ። ያን ያህል የሚከብድ መጽሐፍ መጥፎ ሊሆን እንደማይችል በእጁ መዝኖ አረጋግጧል። አባላቱ በሙሉ ገዙት። ተፎካካሪው ሀሩን እንኳ ሳይቀር ቴሌግራም ላይ «እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ» ብሎ ጻፈ።

በምርጫው ቅዳሜ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ወይዘሮ አሰጋሽ እጃቸውን አወጡ። ጉርድ ሾላ ከቤታቸው ጓሮ ዶሮ የሚያረቡ ሴት ናቸው። ኅብረቱን ከተቀላቀሉ ወር ስላልሞላቸው ልማዱን ገና አልለመዱትም፤ ማለትም ያነባሉ።

«ተወልደብርሃን ልጄ፣ መጽሐፍህ ግሩም ነው። ልጁ ሐይቁ ዳር ‹ታገቢኛለሽ?› ሲላት ልቤ ቀጥ አለች። ቶሎ ብዬ ገጹን ገለጥኩ።»

«እትዬ አሰጋሽ፣ አንቀጽ አራት!» አለች ጸሐፊዋ ማኅደር።

«ኧረ ታሪኩን አልናገርም። ስገልጠው ግን ‹ጫጩቶች በተፈለፈሉ በሰባተኛው ቀን የፈንግል ክትባት ይሰጣቸዋል› ይላል። ዐሥራ ስድስት ገጽ ሙሉ የዶሮ ነገር ነው። ከዚያ ልጅቷን ሌላ ከተማ ስታለቅስ እናገኛታለን። ለምንድን ነው?»

ተወልደብርሃን ወደ መስኮቱ ዞሮ ወንበሩን አየው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶሮዋ ትእምርት ናት።»

«የምን?»

«የ... የኅብረተሰቡ።»

ሀሩን ባላንጣውን የሚጥልበት ሰዓት ይህ ነበር። ዳሩ ግን ሰው በአደባባይ ያለቀሰበትን መጽሐፍ አላውቀውም ማለት አይችልም። «እኔን ያስለቀሰኝ እኮ ክትባቱ ነው» አለ። «ትውልዱ አልተከተበማ!»

«ሰባተኛው ቀንስ?» አለ ሌላው ከኋላ። «ሰባት ቁጥር በከንቱ አይገባም!»

«እኔ እንኳ እንደተጻፈው አድርጌ አንድም ጫጩት አልሞተብኝም» አሉ አሰጋሽ። ይህ ላይ ላዩን ማንበብ እንደሆነ በትሕትና ተነገራቸው።

ማኅደር ነገሩ አላምር ብሏት ወደ መጽሐፍ መደብሩ ደወለችና የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

«አዎ እመቤት፣ ማተሚያ ቤቱ ሲጠርዝ የዶሮ እርባታ መመሪያ ቀላቅሎበት ነው። አምጡት፣ እንቀይራለን። ስድስት መቶ ሸጠናል፤ እስካሁን የደወሉልን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እንዲህ ባለው ሰዓት ትንሽ ሰው ያፍራል፤ ትልቅ ሰው ውሳኔ ያሳልፋል። ተወልደብርሃን ተነሣ።

«የተከበራችሁ አባላት! ለዚህ ሁሉ ቀውስ መነሻው ምንድን ነው? ማንበብ ነው። ስለዚህ የተጠቆመ መጽሐፍ ገልጦ ሲያነብ የተገኘ አባል ከኅብረቱ እንዲሰናበት፣ ይህም አንቀጽ አምስት ሆኖ ዛሬውኑ እንዲጸድቅ አሳስባለሁ።»

ሃያ ሁለት እጅ ወጣ። አሰጋሽ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው «ደግ ነው፤ ዶሮዎቼ ይጠብቁኛል» ብለው ወረዱ። ተወልደብርሃን ያለ ተቃውሞ ተመረጠ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አርባ ደቂቃ ተናገረ፤ ማንም አላቋረጠውም።

ሆኖም አንድ ነገር ይከነክነው ጀመር። ልጅቷ ምን አለችው? እሑድ ቻለው። ሰኞ ምሳ አልበላም። ረቡዕ ኦሎምፒያ ወዳለው መጽሐፍ መደብር ሄዶ መጽሐፉን ቀየረና፣ ቤቱ እስኪደርስ መታገሥ አቅቶት እዚያው መስኮቱ ሥር ቆሞ ገለጠው። ሲያነብ፣ ሲያነብ እግሩ ደነዘዘ። ውጭ መንገዱ ተዘጋግቶ አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ውስጡ ሀሩን ተቀምጧል፤ ሀሩን ስልክ አለው።

ቅዳሜ ዕለት ፎቶው ቀረበ። ወንጀሉ ከባድ፣ ማስረጃው የማያወላዳ ነበር፤ ተከሳሹ ገጽ ሲገልጥ በግልጽ ይታያል። የአንባቢያን መሪ ሲያነብ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ በኅብረቱ ታሪክ የመጀመሪያው ስለሆነ አንዳንድ አባላት አለቀሱ። በሃያ አንድ ድምፅ ተሰናበተ፤ ወንበሩም ለሀሩን ተሰጠ።

ተወልደብርሃን ደረጃውን ሲወርድ አዲሱ ዋና ጠቋሚ ሮጦ ደረሰበት። ግራና ቀኙን ቃኘ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተወልዴ፣ በእናትህ... እሺ አለችው?»

«አንብበዋ» አለው ተወልደብርሃን።

የሀሩን ፊት ተለዋወጠ።

«እኔ በሰላም ብጠይቅህ ትሰድበኛለህ?»